የምን አገባህ ክረምት

ሰው ልጁን አደራ ቢላችሁ ተቀበሉ። ልጅ ቢያለቅስ ከረሜላ አለ፣ ቢያስቸግር ካርቱን አለ። ውሻውን አደራ ቢላችሁ ግን... ሩጡ! በተለይ ወሩ ሐምሌ ከሆነ፣ ጃንጥላ ረሳሁ ብላችሁ እንኳ ወደ ኋላ እንዳትመለሱ!

እኔ አልሮጥኩም። የት እሮጣለሁ? አደራ ሰጪዋ አከራዬ ናቸው።

እትዬ ዘነበች ይባላሉ። ቂርቆስ፣ ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ከተከራየሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። (ስማቸው ዘነበች ሆኖ፣ ዝናቡ ሲጀምር ወደ ሐዋሳ ሄዱ። እኔ ምንም አላልኩም፤ እናንተም ምንም አትበሉ።) የሄዱት ልጃቸው ዘንድ ሆነው ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ሊደረጉ ነው። ሲወጡ የውሻውን ገመድ አስጨበጡኝና፣

"እስከ መስከረም እናቱ አንቺ ነሽ" አሉኝ። "አንድ ነገር ቢሆን ግን ሕክምናውን ጥዬ ነው የምመጣው!"

የውሻው ስም ምን አገባህ ነው። አትቆጡ፣ እውነቴን ነው፣ ስሙ ነው! ድሮ እትዬ ኩሽና ሲያሠሩ፣ ከአጥር ወዲያ ያለው ጎረቤታቸው "ለምን እዚህ ጋ? ለምን በዚህ በኩል?" እያለ ነዘነዛቸው። እሳቸውም ቡችላ አመጡና ጠዋት ማታ አጥሩ ሥር ቆመው "ምን አገባህ! ምን አገባህ!" እያሉ ይጠሩት ጀመር። ሰውዬው ሰፈሩን ከለቀቀ ቆየ። ስድቡ ግን ጭራውን እየቆላ ግቢው ውስጥ ቀረ።

ይኼ ውሻ ታዲያ ዝናብ አይወድም። አንዲት ጠብታ አፍንጫው ላይ ካረፈች የተተኮሰበት ነው የሚመስለው። ሐምሌ በገባ በሳምንቱ በረንዳው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ፤ በቃ፣ አልነሳም አለ። መጮህ ተወ። የቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ተራምዶት ገባ፣ ቆጣሪውን አነበበ፣ ተራምዶት ወጣ። ቀጥሎ ምግብ ተወ።

እትዬ ደግሞ በየቀኑ ቪዲዮ ይደውላሉ። እኔን ሰላም የሚሉኝ ካሜራውን ወደሱ እስካዞር ድረስ ብቻ ነው።

"ጠቆረብኝ እኮ ልጄ!"

"እትዬ፣ ድሮም ጥቁር ነው።"

"አውቃለሁ! ይሄኛው የሐዘን ጥቁር ነው!" አሉና ማልቀስ ጀመሩ። "በቃ ነገ እመጣለሁ። ጉልበቴ ይቅር።"

ያች ጉልበት ለሁለት ዓመት ደረጃ ያላስወጣች ጉልበት ናት። ቀጠሮ የተገኘላት በስንት ምልጃ ነው። በኔ ድክመት ልትቀር ነው? እንደምንም ለመንኳቸውና አንድ ሳምንት ሰጡኝ። ያንኑ ቀን ምን አገባህን በላዳ ጭኜ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ።

ሐኪሙ ጆሮውን አየ፣ ሆዱን ዳበሰ፣ ዓይኑን ገለጠ።

"ምንም የለበትም። ደብሮታል።"

"ምን?"

"ድብርት ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት አንሸራሽሪው። ምግቡን ቤት ውስጥ እየደበቅሽ እሱ እንዲፈልግ አድርጊ። ስትመለሱ እግሩን በደንብ በፎጣ አድርቂ፣ በጣቶቹ መሃል ጭምር።"

"ዶክተር... እኔም እኮ ደብሮኛል።"

"አብራችሁ ሂዱ" አለኝ።

መጀመሪያ ድብብቆሹን ሞከርን። ሦስት ቁራጭ የተቀቀለ ሳንባ ደበቅኩ፤ አንዱን ከትራስ ሥር፣ አንዱን ከቁም ሳጥን ኋላ፣ አንዱን ቦት ጫማዬ ውስጥ። "ፈልግ!" አልኩት። አየኝ። "ፈልግ እንጂ፣ እንዲህ!" ብዬ ተንበርክኬ እያሸተትኩ አሳየሁት። ሦስቱንም ያገኘሁት እኔ ነኝ! እሱ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ቆይቶ አዛጋና ተመልሶ ተኛ።

የቀረው ሽርሽር ነው። ግን ዝናቡስ? የዝናብ ልብስ ያስፈልገዋል። ከእትዬ ሳሎን አናናስና ወይን የታተመበትን የፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ አነሳሁና፣ ለአንገቱ ቀድጄ፣ በሆዱ ሥር በገመድ አሰርኩለት። እግር ያወጣ ጭማቂ ቤት መሰለ! ግቢው መሃል አቆምኩት። ዝናቡ ጀርባው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል... እሱ አይነካውም። ዞሮ ጀርባውን አየ። እኔን አየ። ጭራው አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ወደ ቀኝ ሄዳ ተመለሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ!

ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮ ውስጥ ሆዴን ይዤ አለቃዬ ፊት ቀረብኩ። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ ኃላፊያችን አቶ ግርማቸው ሲስቁ የታዩበት ፋይል እስካሁን አልተገኘም።

"አቶ ግርማቸው፣ ሆዴን ክፉኛ ቆርጦኛል..."

"ሂጂ" አሉ ቀና ሳይሉ። "እኔም ለገሃር ስብሰባ አለኝ፤ አልመለስም።"

ቤት ደርሼ አናናሱን አለበስኩትና ወደ ካዛንቺስ ሽቅብ ወጣን። እናንተዬ፣ ሲሄድ ብታዩት! አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ሙሽራ ነው የሚመስለው። ሰው ቆሞ ያየናል፣ ስልክ ያወጣል። ግማሽ መንገድ ላይ ሰማዩ ተቀደደና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደብን። ሮጠን አንድ ትልቅ ሕንፃ በረንዳ ሥር ገባን። እዚያ ሃያ የሚሆን ሰው ተኮራምቶ፣ ፊቱን አጨፍግጎ፣ ዝናቡን ያያል። ልክ እንደ ምን አገባህ የሰሞኑ ፊት!

ጥበቃው ጠጋ አለኝ።

"ይናከሳል?"

"ኧረ አይናከስም።"

"ስሙ ማን ነው?"

"ምን አገባህ።"

ሰውየው ቀጥ አለ። "ሴትዮ፣ እኔ በትሕትና ነው የጠየቅኩሽ!"

"እኔም በትሕትና ነው የመለስኩት፤ ስሙ ነው!"

"እኮ ስሙ ማን?"

"ምን አገባህ!"

"እንግዲያው ከበረንዳዬ ውጪ!"

ዱላው ሲነሳ ደንግጬ "ኧረ ምን አገባህ ና ወደዚህ!" ብዬ ጮህኩ። ውሻው እየሮጠ መጥቶ እግሬ ሥር ቁጭ አለ። ጥበቃው ዱላውን እንዳነሳ ቀረ። ከዚያ ሳቅ ከሆዱ ፈነዳ፣ በረንዳው በሙሉ ተከተለው። እኔ ያላበኝን ልጠርግ ፎጣዬን ከቦርሳ ስመዝ፣ ለውሻው ገዝቼለት ዞር ብሎ ያላያት የፕላስቲክ ኳስ ሾልካ ወደቀችና ተንከባለለች። አንድ ከረባት ያሰረ ሰው በእግሩ መለሳት። አንዲት ቀይ ቱታ የለበሰች ሴት ተቀብላ መታቻት። ምን አገባህ ጆሮው ቆመ... ከዚያ አናናሱን እያውለበለበ ዘለለ!

ምኑን ልንገራችሁ! በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቡድን ተከፈለ። ሁለት ጃንጥላ ጎል ሆነ። ሌላዋ ሴት ባለ ተረከዝ ጫማዋን አውልቃ ዳር አስቀመጠች። ጥበቃው በዱላው ዳኛ ሆነ። ውሻው ለማን እንደሚጫወት አይታወቅም፤ የሁሉንም ይቀማል። ከወዲያኛው ጎል ኮፍያውን ፊቱ ላይ የደፋ ካፖርታም በረኛ እርጥብ ሴራሚክ ላይ እየተወረወረ "የኔ ናት! የኔ ናት!" እያለ ያጓራል። እኔ ኳሷን አገኘሁና ለጋሁ። በረኛው ተወረወረ፣ ኮፍያው ወደቀ...

አቶ ግርማቸው!

ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። ኳሷን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ወለሉ ላይ እንደተጋደሙ፣

"ሆድሽ... እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ስብሰባው... እንዴት ነው?"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እረፍት ላይ ነን።"

"ሆዴም እረፍት ላይ ነው።"

"በይ እንግዲያው ቦታሽን ያዢ!" ብለው ኳሷን ለጉልኝ።

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው! ካሜራውን አዞርኩላቸው። ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ።

"የኔ ውሻ ነው?"

"እሱ ነው።"

"የለበሰው... የጠረጴዛዬ ልብስ ነው?"

"እሱም እሱ ነው፣ እትዬ።"

መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሲስቁ ነው! ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው "ለሐኪሙ ደውይለት፣ በተባለው ቀን ይቅደደኝ!" ሲሉ ሰማኋቸው።

ጉልበታቸው በሰላም ተሠራ። አሁን በምርኩዝ ሐዋሳ ላይ ይራመዳሉ። ምን አገባህም በየቀኑ ይወጣል፣ ይበላል፣ ባየውም ባላየውም ላይ ይጮሃል፤ የቆጣሪ አንባቢውም በሩቁ ሆኗል።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ጠዋት ሙሉ ሲሮጥ አርፍዶ ከሰዓት ጥቅልል ብሎ ተኛ። ውጪ ዝናቡ ይወርዳል። የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት አቶ ግርማቸው፣ ጥበቃውና ባለ ቀይ ቱታዋ በስብሰው ቆመዋል።

"ለጨዋታ ይወጣል?" አሉ አቶ ግርማቸው።

"ተኝቷል፤ ደክሞታል።"

"ትንሽ ብትቀሰቅሺውስ?"

"አይሆንም አቶ ግርማቸው፣ ይረፍበት።"

እርስ በርስ ተያዩ። አለቃዬ እግራቸውን ጭቃው ላይ አሸት አሸት አደረጉና፣ የጠፋ ፋይል በሚጠይቁበት በዚያ ከባድ ድምፃቸው፣

"እሺ..." አሉኝ፣ "ኳሷን ብቻ ታውሺናለሽ?"