ባሌን ያወፈረው ሴቲንግ

ስሱና ሰፊው ቴሌቪዥን ዳንግላ ከገባ ወዲህ በድሮ የሠርግ ቪዲዮ ላይ ሰው ሁሉ እንደወፈረ አስተውላችኋል? ሙሽራው ሰፊ፣ ሚዜው ሰፊ፣ ቄሱም ሰፊ። ቅር የሚለው ሰው ግን የለም። እኛ ዘንድ “ወፍረሻል” የተባለች ሴት ፊቷ በርቶ ይውላል።

የምሠራው ሠርግ ቀርጾ የሚያቀናብር ቪዲዮ ቤት ነው። ልጅ ስወልድ ትምህርቴን ከዘጠነኛ አቋረጥኩ፤ ባሌ ሲሞት ደግሞ እዚህ ገባሁ። አለቃዬ ይነካካል፣ እኔ አያለሁ፤ ኤዲቲንግ የተማርኩት እንዲሁ ነው።

ባሌን የወሰደው ጉበት ነው። እየከሳ ሲሄድ ጎረቤቱ “ሚስቱ ብታበላው መች እንዲህ ይሆን ነበር” ይል ነበር። አማቴም፣ የባሌ እናት፣ ይህንኑ አመኑ። ቪዲዮ ላይ ያለው አንዴ ብቻ ነው፤ ታሞ ሳለ በእህቱ ሠርግ ላይ፣ በአሮጌ ካሜራ የተቀረጸ። ልጄ ያኔ ጡት ላይ ነበረች። አባቷን የምታውቀው በዚሁ ነው።

ለሙት ዓመቱ ላዘጋጀው ስከፍተው፣ ያ ከሲታ ሰውዬ ጉንጩ ሞልቶ ቁጭ! መጀመሪያ ስክሪኑን ጠረጠርኩ። የስክሪኑን መጠን ብቀያይረው የኮምፒውተሩ ጽሑፍ ተለቀ እንጂ እሱ ወይ ፍንክች። በዚህ መሀል አማቴ ከገጠር በጋሪ መጥተው አዩት። በአዊኛ እያዋሩት አለቀሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

“ለካስ ታበዪው ነበር” አሉኝ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ አለቃዬ መጥቶ ሳቀብኝ። ጠባቡን የአሮጌ ካሜራ ምስል ለሰፊ ስክሪን በተከፈተ የኤዲቲንግ ገጽ ላይ ወደ ጎን ወጥሬው ኖሯል። ሴቲንጉን መለስኩት። ባሌ መጣ፤ የራሱ ጉንጭ፣ የራሱ አንገት፣ ኮቱ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ግራና ቀኙ የተረፈው ቦታ ጥቁር ሆነ። ደስ አለኝ። እሱ ነዋ!

አማቴ ሊወስዱት ሲመጡ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

“ይሄ በሽተኛ ማነው? ጥቁርም ደርበሽለታል። የባለፈውን ልጄን አምጪ!”

“እማማ፣ ትክክለኛው ይሄ ነው።”

“ትክክለኛውንማ ቀብሬዋለሁ” አሉኝ።

መልሼ ወጠርኩት። በሙት ዓመቱ ጎረቤቶቼ እያዩ “እንዴት አድርጋ ይዛው ኖሯል!” ተባባሉ። ልጄም ስለ ወፍራሙ አባቷ ታወራለች። ቀጭኑን ለራሴ ፍላሽ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

አሁን አሮጌ ቪዲዮ አስተካክዪልኝ የሚል ሲመጣ፣ ሴቲንጉን ሳልነካ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሰውየው በሕይወት አለ ወይ? ካለ፣ አስተካክለዋለሁ።