አንድ ጊዜ የተጠየቀው ቀለም

እኛ ሰው «በቃኝ» ሲል አናምንም። እንግዳ እጁን ከማዕድ ሲሰበስብ «በሞቴ!» እንላለን፤ «ጠግቤያለሁ» ቢል «አፈር ስሆን!» እንላለን፤ ሦስተኛው ልመና ላይ እንግዳው እንደገና ይጎርሳል፣ ሲጀመርም አልጠገበም ነበር። የመጀመሪያው «አይ» ጨዋነት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አለ ብትሉኝ አላምንም ነበር፤ ያ ሰው ራሴ ሆኜ እስክገኝ ድረስ።

የሚስቴ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሰው ጭነት ሲያወጡና ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ዘመድ ሁሉ ሚኒባስ ይገዛሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ጣሪያ ያላት አሮጌ ጀልባ ገዙ። ሰው ሳቀባቸው። ባለቤታቸው ግን አልሳቁም፤ ብሩሽ አንሥተው የውስጧን ግድግዳ አረንጓዴ ቀቡት። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ እዚያ ውስጥ ተቀምጠው ሐይቁን ያዩ ነበር። እማማ ካረፉ ወዲህ አባባ ብቻቸውን ይሄዱ ጀመር።

አምና ቀለሙ ተላላጠ። «እናሳድስልዎ» አልን፤ ደስ አላቸው። ቀለም የመምረጡ ኃላፊነት ለእኔ ለአማቹ ተሰጠኝ። አማች ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሥራ ሲሰጡት የተሾመ ይመስለዋል። ኦሎምፒያ አካባቢ ካሉት ቀለም ቤቶች የናሙና ካርድ ሰበሰብኩ፤ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ፤ ድምፅ አሰጠሁ። የዘመድ ዘመድ ሳይቀር ተከራከረ። ቴሌግራም የሌላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። የጀልባዋ ባለቤት።

ክሬም አሸነፈ። ካርዱን ይዤ ሳሊተ ምሕረት ቤታቸው ሄድኩና «አባባ፣ ክሬም ብለናል፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

ካርዱን አገላብጠው አዩት። «እናንተን ደስ ካላችሁ እኔን ምን ቸገረኝ፣ ልጄ» አሉ።

እኔም ተነሥቼ ሄድኩ። እራት ቢሆን ኖሮ «በሞቴ» እል ነበር።

ተቀባ። አባባ ገብተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው «እጃችሁ ይባረክ፤ ንጹሕ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ጉልበታቸውን ያማቸው ጀመር። እኛም የጉልበት ቅባት ገዛንላቸው።

ባለፈው ወር ዝናቡ ሲበረታ ጀልባዋ ውኃ አስገብታ እንደሆነ ለማየት ብቻዬን ሄድኩ። ከመቀመጫው ሥር ካለው ሣጥን ያልተከፈተ የቀለም ቆርቆሮ አገኘሁ፤ አረንጓዴ። ከጎኑ በአምና ጋዜጣ የተጠቀለለ አዲስ ብሩሽ። እኔ ድምፅ ስቆጥር እርሳቸው ገዝተው አስቀምጠው፣ ሁለተኛ እስክጠይቃቸው ይጠብቁ ነበር። እዚያው ክሬሙ መሐል ቁጭ ብዬ አፈርኩ።

ቆርቆሮውን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። «አባባ፣ በሞቴ፣ በዚህ ይቀባ።»

«አይ፣ አትቸገሩ።»

«አፈር ስሆን!»

«ተው፣ ልጄ።»

ሦስተኛ ስለምናቸው ቆርቆሮውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «አምና ቢሆን ጥሩ ነበር» አሉ። «አሁንማ ሞራው ዓይኔን ጋርዶታል፤ አረንጓዴውንም ክሬሙንም አልለየው።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው። ቢሆንም ቅዳሜ እቀባዋለሁ፤ ራሴ፣ በእርሳቸው ብሩሽ። ሲደርቅ ይዣቸው እሄድና «ምን ቀባኸው?» ካሉኝ «የእማማን» እላለሁ። ካልጠየቁኝም እነግራቸዋለሁ።

ሦስት ጊዜ።