ሊቀ ጊታር ወርቅአገኘሁ እና የእኔ ጀርባ

በየከተማው የያዘው የማይጥመው አንድ ሰው አይጠፋም። ደነባ ያለው በየገበያው በሬ ይለውጣል። ጫጫ ያለው ክረምት በወጣ ቁጥር የቤቱን በር ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞራል። ለእኛ ለደብረ ብርሃን ሰዎች የደረሰን ሊቀ ጊታር ወርቅአገኘሁ ነው። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ግን በማዕረጉ ጠርቼው አላውቅም፤ ፊት ለፊት የምናገረው ነገር ጥቂት ነው።

ወርቅአገኘሁ የስልክ ቤት ሠራተኛ ነው። የአንኮበሩ የመሪጌታ ወልደተንሣኤ ልጅ ስለሆነ ጆሮው በዜማ የተገራ ነው። ክራር እየመታ በሰላም ይኖር ነበር። በ1956 ዓ.ም. ግን አንድ አሜሪካዊ አስተማሪ ቤቱ ጠርቶ ሸክላ አሰማው። አንድ ሰው ብቻውን፣ ያለ ዘፋኝ፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ በጊታር ጃዝ ይጫወታል።

"ለራሱ እኮ ነው የሚያወራው ኃይሌ!" አለኝ በማግስቱ። "እኛ በሩ ላይ ቆመን ነው የምንሰማው!"

የሸክላው ልባስ ላይ የጊታሩ ሥዕል ነበረ። ሆዱ እንደ ሌላው ጊታር ክብ ቀዳዳ የለውም፤ እንደ ቫዮሊን በግራና በቀኝ ሁለት ስንጥቅ አለው፤ ጀርባው ጎበጥ ያለ ነው። ወርቅአገኘሁ ይህን ሳይዝ እንደማይሞት ማለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ቅዳሜ የለኝም።

ይህ ሰው ጊታር የሚገዛው እንደ በቅሎ ነው። ጥርስ እንደሚያይ ሰው በቀዳዳው ወደ ውስጥ ያያል። ጀርባውን መታ መታ ያደርጋል። አንገቱን ይዞ ዳገት እንደሚያስወጣው ያዘነብለዋል። "ስንት ጌታ ቀየረ? ለምን ሊሸጥ ተፈለገ? ዝናብ መትቶት ያውቃል?" ይላል። ሻጩ መልስ ሲያልቅበት ወደ እኔ ይዞራል።

"ኃይሌ፣ ጀርባህን ስጥ።"

መሪጌታ ወልደተንሣኤ ተማሪ ሲፈትኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የሚሰሙት አሉ፤ የልጁ ፊት እንዳያሳዝናቸው። ልጃቸውም "ዓይን ጉቦ ይበላል፤ ጀርባ አይበላም" ይላል። ስለዚህ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ እንደተቀጣ ተማሪ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። እሱ ይመታል። ሲጨርስ "እህስ?" ይላል።

"እኔ እንጃ" እላለሁ።

ምን ልበል? ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። የሰው ብሶት እጽፋለሁ እንጂ የራሴ አስተያየት ኖሮኝ አያውቅም። የጻፍኩትን አምስት ጊዜ አንብቤ በስድስተኛው የምሰርዝ ሰው ስለ ጊታር ምን አውቃለሁ?

ክራሩ በማንዶሊን ተለወጠ። ማንዶሊኑ አንድ ባና ተጨምሮበት አኮርዲዮን ሆነ፤ ባናው ባለቤቱ ደመቀች ራሷ ፈትላ ያሠራችው የሱፍ ብርድ ልብስ ነበር። አኮርዲዮኑ የሚያስለው ብርድ ስላልተስማማው ነው ተብሎ ደብረ ሲና ወርዶ በጊታር ተለወጠ። እዚያም በርጩማዬን ተሸክሜ ወርጃለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መቁጠር የባለቤቱን ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዱ ድምፁ ቀጭን ነው ተባለ። ሌላው ወፍራም ነው ተባለ። አንዱ ደግሞ ምንም እንከን አልወጣለትም፤ ምንም ስላልወጣለት ተጠረጠረ።

የባሰው የስልኩ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ጊታር እንዳለው ተሰማ። ወርቅአገኘሁ ሰውየው በስልክ እንዲያሰማው አደረገ። እኔም ስልክ ቤት ድረስ ተጠርቼ ጀርባዬን ለስልኩ ሰጠሁ። ሰውየው መምታት ሲጀምር የጫጫዋ ስልከኛ ወይዘሪት አልታየች በመስመሩ መሀል ገባች።

"ደብረ ብርሃኖች፣ በእናታችሁ ድገሙት! እዚህ ሰው ተሰብስቧል።"

ጊታሩ በአውቶቡስ መጣ። አንገቱ በሦስት ሚስማር የተያያዘ ነበር። ሚስማሩ በስልክ አልተሰማም።

ባለቤቱ ደመቀች እሱን የምታየው እንጀራ ፍለጋ አገር ጥሎ እንደሄደ ባል ነው። አንድ ቀን ሌላ ጊታር በባና ጠቅልለን ስንወጣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ "የኔ ባል ጊታር አያገባም፤ ይፈታል እንጂ!" አለች። "እኔን አሥራ አራት ዓመት ያቆየኝ ጀርባ ሰጥቶ ስላልሰማኝ ነው።"

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የአሊዩ አምባው ነጋዴ ፈረጅ በሰው ላከ። አንድ ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ ሁለት ስንጥቅ ያለው ጊታር እጁ ገብቷል። በገንዘብ አይሰጥም። የሚፈልገው የደመቀችን በቅሎ ነው።

ደመቀች ሦስት ቀን ለበቅሎዋ ገብስ ስታበላ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን በቅሎዋን ራሷ ጫነችና ወደ ጥግ ጠራችኝ።

"ኃይለ ገብርኤል፣ ይህችን በቅሎ አባቴ ነው የሰጠኝ። እዚያ ወርደህ 'እኔ እንጃ' ካልክ በቅሎዬ ትመለሳለች። ነው ካልክ ትቀራለች። አውቀህ ተናገር።"

"እኔ ምን አገባኝ እትዬ ደመቀች? የሚወስነው እሱ ነው።"

"እሱ?" ብላ ሳቀች። "ዘጠኙን ጊታር ያስፈታው ማን መሰለህ? ቤት ይገባና 'ኃይሌ እኔ እንጃ ብሏል፤ አንድ ነገር ሰምቷል' ይላል። በነጋታው ለዋጭ ፍለጋ ነው!"

ሁለት ዓመት ሙሉ እያማረርኩ የሄድኩበትን መንገድ የጠረግሁት ለካ እኔው ነበርኩ።

አንኮበር አድረን በማግስቱ ቁልቁለቱን ወረድን። የፈረጅ ሱቅ ውስጥ ጊታሩ በጥጥ ጆንያና በጨው መሀል ተሰቅሏል፤ ልጁ ዙቤዳ ሻሽ አስጥታበታለች። ወርቅአገኘሁ አውርዶ በስንጥቁ ማየት ጀመረ።

"አንተ ሰው፣ ጥርስ የለውም!" አለ ፈረጅ። "ወላሂ እኔ በቅሎዋን እንኳ እንዲህ አላየኋትም። ስማ ግን፣ ነገ ጠዋት ጭኜባት ቆላ እወርዳለሁ። 'ተሳስቻለሁ፣ መልስልኝ' የሚባል ነገር የለም።"

"ኃይሌ" አለ ወርቅአገኘሁ። "ጀርባህን ስጥ።"

ፊቴን ወደ ጨው ክምሩ አዞርኩ። በስተኋላዬ በሩ ላይ በቅሎዋ ታናፋለች። የደመቀች አባት ሳይሞቱ የሰጧት በቅሎ ናት። እሱ መምታት ጀመረ።

ሰው ማመልከቻ ሊያስጽፈኝ ሲመጣ መጀመሪያ ብዙ ያወራል፤ ይምላል፤ ጎረቤቱን ይረግማል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነተኛውን ነገር ይነግረኛል። ጊታሩ ከዚያ ነበር የጀመረው። ጨው ፊት ለፊት ተቀምጬ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ያየኝ ግን የለም።

"እህስ?"

"ነው" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"ነው አልኩ። እሱ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ፈረጅ፣ በቅሎዋን እየፈታ።

ዳገቱን በእግራችን ወጣን። ጊታሩን ሕፃን እንደታቀፈ ሰው እሱ ይዞታል፤ የተረፈውን ስንቅ፣ ኮርቻውንና በርጩማዬን እኔ። ስንረግማት ስትወጣ የኖረችው በቅሎ ዋጋዋ የገባኝ ያን ቀን ነው።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ መጣች። ማንም በሬን አልመታም። ደስ አለኝ፤ አርፍጄ ተነሣሁ። በሁለተኛዋ ቅዳሜ ሁለት ማመልከቻ ያለ ስርዝ ጻፍኩ። በሦስተኛዋ ከቁርስ በኋላ ጫማዬን አሥሬ ተቀምጬ ራሴን ታዘብኩት። በአራተኛዋ በርጩማዬን ይዤ ቤቱ ሄድኩ።

ደመቀች በሩ ላይ ተቀበለችኝ። "እንኳን መጣህ። ሰውየው ታሞብኛል።"

ወርቅአገኘሁ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እንጨቱ ተወልውሎ ያበራል። "አገኘሁት እኮ" አለኝ፣ ዘመድ እንደሞተበት ሰው።

"አገኘኸው" አልኩ።

"አሁን እንግዲህ ምን አደርጋለሁ?"

በርጩማዬን አስቀመጥኩና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እሱም ጀመረ። ያው አሊዩ አምባ የሰማሁት ድምፅ ነበር፤ እንከን አልነበረውም። ይህን ያህል እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር በሕይወቴ አላስታውስም።

"እህስ?" አለ፣ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ።

"ጊታሩስ ነው" አልኩ። "ክሩ ግን... እኔ እንጃ።"

ከኋላዬ ወንበሩ ተንኳኳ። "ክሩ! ብዬ ነበር! ኃይሌ፣ አንድ ነገር ሰምተሃል! ደብረ ሲና አንድ ክር ያለው ሰው አለ፤ እሱ ጋ ካልሆነም..." ጫማውን ሲፈልግ ይሰማኛል።

ቀስ ብዬ ዞርኩ። ደመቀች በሩ ላይ ቆማ ትክ ብላ ታየኛለች። በቅሎዋን ያህል ነገር ያጣች ሴት ናትና የምትለኝን ሁሉ ልቀበል አንገቴን ደፋሁ።

"ለስንት ቀን ነው ስንቁን የምቋጥረው?" አለችኝ።