ብሳናው ያሾመው ሊቅ

ዝም ያለ ሰው አዋቂ ይመስላል። በጉለሌ ያስከበረኝም ይኸው ነው እንጂ፣ ያኔ እኔን ከተማረ ሰው ጋር የሚያገናኘኝ ግድግዳ ብቻ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ መምህር ይልማ ይኖራል፤ ወዲህ እኔ ሸማዬን እሠራለሁ።

ይልማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍልስፍና ያስተምራል። ፍልስፍናውም ስለ ዛፍ ነው። ዛፍ ለሰው ባይጠቅምም የራሱ ክብር አለው፣ እንዲያው በዘፈቀደ መቁረጥ ግፍ ነው ይላል። ለዚህ ይህን ያህል ዓመት መማር ያስፈልጋል? እንጃ። ብቻ ዘመኑ ደርግ ነውና፣ ማዕረግ ቢጠይቅ አለቆቹ «ከሰፊው ሕዝብ ይህ ጥናት ለማን ይገባዋል?» አሉት። መልስ ካጣ ከማስተማር ተነሥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ሊመደብ ነው። ሲጨንቀው የእኔን ስም ሰጠ።

«ጋሼ፣ አደራዎን፣» አለኝ፤ «ዛፍ የሚከበረው ስለሚጠቅም ነው እንዳይሉ። እንዲያ ካሉ እኔ አለቀልኝ።»

ሦስት ጓዶች ካኪ ለብሰው፣ ይልማን አስከትለው ሊጠይቁኝ መጡ። ደጄ ላይ አንድ ብሳና አለ። ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢሉ፣ ለእንጨት ሁሉ ማን አስተማረና የተባለለት ነው፤ የእኔውማ የነቀዞች ሁሉ ርእሰ መምህር ነበር። ሰብሳቢያቸው ዞር ዞር ብለው አዩትና ምን ይጠቅምዎታል አሉኝ። ምንም አልኩ። ለማገዶስ? ይጨሳል። ለጥላስ? የሚያጠላው ለጎረቤት ነው። ታዲያ ለምን አይቆርጡትም? ይልማ ዓይኑን ጨፈነ።

«እናንተስ ምን ትጠቅሙኛላችሁ? ቆረጥኳችሁ?» አልኩ።

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል ሰው እንደ ወጣ ይቀር ነበር። ባለቤቴ ከጓዳ «ኧረ መድኃኔ ዓለም!» ስትል ሰማሁ። እኔ የሸማ መወርወሪያዬን አነሣሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ? ሰብሳቢው ብሳናውን አዩ፣ ጓዶቻቸውን አዩ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «በል ጻፈው!» አሉት አንዱን።

ይልማ ረዳት ፕሮፌሰር ሆነ። ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ያችኑ ቃሌን መጽሐፍ አደረጋት፤ ሲያነብልኝ ግን አንድም ቃል አልገባኝም። የሹመት ደብዳቤው «ዕውቀቱ ከሰፊው ሕዝብ የተቀዳ» ይላል አሉ።

ለእኔም በቀበሌ በኩል ደብዳቤ መጣልኝ። ፕሮፌሰሩ ራሱ አነበበልኝ፤ ዩኒቨርሲቲን ያስተማርኩ ታላቅ አሳቢ መሆኔ ስለ ታወቀ፣ ከሰኞ ጀምሮ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ከ«ሀ» እንድጀምር ታዝዣለሁ።