እትዬ ጽጌ ያሰመሩት ባዶ

ባዶ ነገር አይከብድም የሚል ሰው ካለ፣ መሥሪያ ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ግን ገብቻለሁ፤ ያውም ሐዋሳ፣ ሪፖርት በፍሎፒ ዲስክ ተጭኖ በሹፌር እጅ አዲስ አበባ በሚላክበት ዘመን።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ሹፌራችን ከምሳ በፊት ይነሳል፤ የሩብ ዓመቱ ሠንጠረዥ ግን ፍሎፒው ላይ አልገባ አለ። የመምሪያው ኃላፊ አቶ ላሊሶ፣ ካልደረሰ ነገ በአውቶቡስ አንተው ታደርሰዋለህ ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። ነገ! ነገ እኮ ሐይቅ ዳር የጓደኛዬ ሰርግ ነው፤ እኔ ደግሞ አንደኛ ሚዜ ነኝ። ሱፌ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ሙሽራውን ምን ሊሉት ነው፣ ሚዜህ ሪፖርት ይዞ ሄደ?

ቅጂ አውጥቼ ያለፈውን ዓመት መረጃ መርጬ ሰረዝኩ። መጠኑን አየሁ፤ ያው ነው። ሌላም ሰረዝኩ፤ ንቅንቅ የለም። ቢቸግረኝ ቅጂውን ከፍቼ ያለውን ሁሉ አጠፋሁ። አንዲት ፊደል የሌለችበት ፋይል አሁንም አልገባም አለ! ቫይረስ ነው አልኩ። ያኔ ያልገባን ነገር ሁሉ ስሙ ቫይረስ ነበር።

ዋናውን ሠንጠረዥ ከፍቼ ወደ ታች ወረድኩ። ጽሑፉ አለቀ፤ የሠንጠረዡ መስመር ግን ይቀጥላል። ብወርድ መስመር፣ አሁንም ብወርድ መስመር። ከሐዋሳ ወጥቼ ቱላ የደረስኩ መሰለኝ፤ መስመሩ አላለቀም።

ይህን የሠራችው እጅ የጸሐፊያችን የእትዬ ጽጌ ናት። ምን ነካዎት ብላቸው ቅር አላቸው። በታይፕ ዘመናቸው ከፊርማ በላይ የቀረውን ባዶ ቦታ በመስመር ሳይዘጉ ወረቀት አሳልፈው አያውቁም፤ ክፍት ከተተወ ሌላ ሰው የፈለገውን ይጨምርበታላ! እዚህም ቦታው እስኪያልቅ አሰመሩ። የእኔ ስረዛ ለካ ፊደሉን እንጂ መስመሩን አይነካም። መናደድ አቃተኝ፤ እንዲያውም ወደድኳቸው። የመንግሥትን ንብረት እንዲህ እስከ ጥግ የጠበቀ ሰው አላየሁም።

ከጽሑፉ በታች ያሉትን ረድፎች ከነመስመራቸው ነቅዬ ጣልኩና አስቀመጥኩት። ፋይሉ ሟሸሸ፤ ፍሎፒው ላይ ገብቶ ቦታ ተረፈ። በደስታ እትዬ ጽጌን ሳምኳቸው። እሳቸው ግን ክፍት የቀረውን ቦታ እያዩ፣ ኋላ የለሁበትም አሉ።

ሹፌሩ ሞተር አስነስቷል። አቶ ላሊሶ ፍሎፒዋን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ሌሎቹ መምሪያዎች ሁለት ሁለት ሲልኩ እኛ አንዲት? ሩብ ዓመቱን ተኝተው ከረሙ ልንባል ነው? ከመሳቢያቸው አዲስ ፍሎፒ አወጡ፣ በገዛ እጃቸው «ክፍል ሁለት» ብለው ጻፉበትና ባዶዋን ለሹፌሩ አስረከቡ። እኔማ ምን አገባኝ? ሚዜ ነኝ።

ሰርጉ አማረ፤ እስክንወድቅ ጨፈርን። ሰንበት ብሎ ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለ። ክፍል አንድ ስህተት ስለበዛበት ታርሞ ይላክ፤ ክፍል ሁለት ግን አንድም ስህተት አልተገኘበትምና ያዘጋጀው ባለሙያ ይመስገን ተባለ።

አቶ ላሊሶ ምስጋናውን በትሕትና ተቀበሉ።