ተራው የማነው?

ሦስት ሰው ከተቀመጠበት ሁሉ አንዱ ኮሚቴ ማቋቋሙ አይቀርም። ልቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ይህ ሰው አይጠፋም፤ ዝናብ አንድ ጣራ ሥር ባስጠለላቸው መንገደኞች መካከል እንኳ አለ። በደርግ ጊዜ የወረታው ክቡር ጓድ አዛናው ይባል ነበር፤ የቀበሌያችን የማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር። ሰው ሲያገኝ «እንዴት አደርክ» ማለት አያውቅም። «ተራው የማነው?» ነው ሰላምታው። ሚስቱ ምጥ ላይ ሳለች አዋላጆቹን ሰብስቦ ተራ አወጣላቸው እየተባለ ይታማል። እኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

በ1975 ክረምት ሊገባ ሲል ከበላይ አካል ትእዛዝ መጣ። ጧሪ የሌላቸውን ቀበሌው በየቤታቸው ይርዳ፤ ካልቻለ ሩቅ ከተማ ወዳለ መጦሪያ ይላኩ የሚል ነው። በእኛ ቀበሌ ነገሩ የሚመለከተው እማሆይ ወለተ ሐናን ነበር። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ልጅ የላቸውም፤ ጎጇቸው ከከተማው ዳር፣ ሜዳው ከሚጀምርበት ላይ ናት። «የታቦቴን ደወል ከማልሰማበት አገር አትውሰዱኝ» ብለው አለቀሱ።

ጓድ አዛናው ወዲያው ስብሰባ ጠራ። የሚፈለገውን አገልግሎት አንድ በአንድ አነበበ፦ በቀን አንድ እንስራ ውኃ፣ ምግብ ትኩስ ትኩሱን፣ በወር አራት ጊዜ ፍልጥ፣ ጨዋታ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። «ማን ይረከባል? ማኅበራት ይወዳደሩ!» አለ። የወጣት ማኅበሩ በየማለዳው መዝሙር እንጨምርላቸዋለን ብሎ ሊያሸንፍ ነበር፤ እማሆይ «መዝሙሩ ይቅርብኝ» ብለው ስለላኩ ወደቀ። ምግቡን የሴቶች ማኅበር፣ ፍልጡን ገበሬዎቹ ወሰዱ። እኔ ወንደ ላጤው መምህር ማክሰኞ ማክሰኞ ውኃ ቀጂና አጫዋች ሆንኩ።

የፍልጡ ተራ በ12፣ በ21፣ በ27 እና በ29 ዋለ። በ12 ሦስት ገበሬዎች መጥተው መጥረቢያቸውን አጋድመው ተቀመጡ።

«ፍለጡ እንጂ!» አለ ጓድ አዛናው።

«ጓድ፣ ዛሬኮ ሚካኤል ነው» አለው ደረሰ የሚባለው፣ ከሦስቱ ትልቁ።

«በኮሚቴው መዝገብ ሚካኤል የሚባል አባል የለም!»

«እንግዲያው እርስዎ ይፍለጡትና እንያ!»

ጓድ አዛናው መጥረቢያውን አነሣ። አየት አደረገውና መልሶ አስቀመጠው። ለካ የቄስ ልጅ ነው። ማታውኑ ፍልጡ «በቴክኒክ ምክንያት» ወደ 13 ተዛወረ የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ፤ 13 ደግሞ እግዚአብሔር አብ ነው። ሦስተኛው ማስታወቂያ ግን አንድም በዓል አልነካም። ያን ሰሞን ከመሪጌታ ገብረ ሐና ቤት በጓሮ በኩል ሹልክ ሲል አይቼዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ያኔ አልወደውም ነበር። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር በሬን በከዘራው ይመታና፣ «መምህር ደሳለው፣ ተራው የማነው?» ይላል። ተራው የእኔ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ አጥለቀለቀው። ማክሰኞ ነበር፤ ከዘራውም አልመጣም። «በዚህ ዝናብ ማን ይወጣል» ብዬ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። በማግስቱ ከአውራጃ ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ፣ ጎጆዋ ውኃ ገብቶባት ካገኛት እማሆይን ጭኖ እንደሚሄድ ትዝ ያለኝ ከቀትር በኋላ ነው። ጭቃውን እያቦካሁ ስሮጥ ደረስኩ። ጓድ አዛናው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በጎጆዋ ዙሪያ ቦይ ይቆፍራል።

እማሆይ ከመደባቸው ላይ ሆነው ይመርቃሉ። «ማክሰኞ አይደል? መምህር ደሳለው ነህ። የልጅ ልጅ ያሳይህ፣ ልጄ!»

ጓድ አዛናው መቆፈሩን አላቋረጠም። እኔን ሲያይ ጠጋ አለና ዶማውን አስጨበጠኝ።

«ምርቃቱ በስምህ ገብቷል» አለኝ በሹክሹክታ። «ቀሪውን ቦይ ቆፍር።»

ሰውን በኮቴው የሚለዩት እማሆይ እኔንና እሱን ተሳሳቱ ማለት ይከብደኛል። ባልሠራሁት መርቀውኝ ሊያሠሩኝ ይሆናል። እስኪጨልም ቆፈርኩ።

ተቆጣጣሪው ደረቅ ወለል አይቶ ተመለሰ። እማሆይ ከአራት ዓመት በኋላ በገዛ መደባቸው ላይ፣ ደወላቸውን እየሰሙ ዐረፉ። ከዚያ ደርግም ወደቀ፤ ኮሚቴውም ተበተነ፤ አዛናው ከዘራውን ይዞ አንበሳሜ ከተማ ያሉ ዘመዶቹ ዘንድ ገባ። መሞቱን የሰማሁት አርባው ካለፈ በኋላ ነው። አለመቅበሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን የእኔም ጉልበት እምቢ ብሏል። ምርቃቱ ደርሶ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ ያየሁት ግን በስልክ ነው። በደጄ ባጃጅ ሲርመሰመስ ይውላል፤ የሚቆም የለም። እኔን የመጠየቁ ተራ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አንበሳሜ ተቀብሯል። ናፈቀኝ፣ ያ ነዝናዛ።

ማክሰኞ ማክሰኞ በሬን ሳልቀረቅር እውላለሁ።