የምትንበረከከው መኪና

የሚቃጠል ጎማ የሸተተኝ ከቁንዝላ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ነው። መኪናዋ በኋላ በኩል ወድቃ ትጎተታለች፤ ወሯ ገብቶ ልትወልድ ወደ ባሕር ዳር ቤቴ የማመጣት ልጄ ከጎኔ ሆዷን ይዛለች።

«አንተ ይግዛው፣ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር እየተፋተገ ነው!» አልሁት የባሌን ወንድም።

«ምንም አይደል እታለም፣ ዓይን ነው። ትናንት ገበያ ላይ ሰው ሁሉ ሲያያት ነበር።»

እናንተዬ፣ ውድ መኪና ገዝቶ መታመሟን የማያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የይግዛው መኪና በብረት ሞላ ፋንታ በአየር ነው የምትቆመው። አየሩ እየሾለከ ጠዋት ጠዋት እንደ ግመል ተንበርክካ ትገኛለች። እሱ ግን ጋራዥ በመውሰድ ፋንታ ጠበል ያስረጫታል። ቄሱ እንኳ «ልጄ፣ ይህስ የመካኒክ ነው» ቢሉት አኮረፋቸው። ምን ይደረግ? ድሮ ከኛ ጋር ጣና ላይ በጀልባ ተጋፍቶ ሲሄድ እንዴት ያለ ተጫዋች ሰው ነበር! ያን ሰው ይቺ መኪና ወሰደችብን።

«አቁም! ልጄን አውርድልኝ!» ብዬ ጮኽሁ። ገና ከመውረዳችን ጎማው ፈነዳ።

ሚኒባስ አስቆምሁና «ና ግባ፣ አብረን እንሂድ» አልሁት።

«እሷን ለማን ጥዬ? እናንተ ሂዱ» አለኝ።

በመስኮት ዞሬ ሳየው፣ አላፊ አግዳሚው እንዳያያት ጋቢውን አውልቆ ያለብሳታል። ጋቢው ለኮፈኗም አልበቃ። አንጀቴን በላው።

እኛ ባሕር ዳር ገብተናል። ልጄም እኔም ደህና ነን።